ኒቼን እንዴት እናንብበው?

ጀርመናዊውን ፈላስፋ ፍሬድሪክ ኒቼን አማኙ ለማውገዝ፣ የማያምነው ለመመካት፣ ወጣቱ ለመፎከር ይጠቅሰዋል። ሦስቱም ዘንድ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ያው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «እግዚአብሔር ሞቷል»። ከዚያ ተነስቶ ሰውየው ምን እያለ እንደሆነ ለማወቅ ቅደም ተከተል የሚጠብቅ ንባብ ይበቃል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ዘመኑን ያስቀምጡ። በ1844 ጀርመን ውስጥ ከሉተራን ቄስ ተወለደ፤ በ1869፣ ገና በ24 ዓመቱ፣ ስዊዘርላንድ ባዝል ዩኒቨርሲቲ የጥንት ግሪክና ላቲን ጽሑፎች ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1879 በሕመም ምክንያት ለቀቀ፤ በ1889 መጀመሪያ ጣሊያን ውስጥ ቱሪን ላይ አእምሮው ታወከ፤ በ1900 አረፈ። ከእነዚህ ሁሉ 1889ን አይርሱ፤ ከዚያ በኋላ አንድም መጽሐፍ አልጻፈም።

2. መጽሐፉን ያሳተመው ማን እንደሆነ ይጠይቁ። «የኃይል ፈቃድ» የሚባለው መጽሐፍ በ1901 ወጣ፤ በ1906 ደግሞ እጅግ ተስፋፍቶ ታተመ። ከማስታወሻ ደብተሮቹ እየለቀሙ ያዘጋጁት እህቱ ኤልሳቤትና ረዳቶቿ ናቸው። ባሏ በርንሃርድ ፎርስተር የታወቀ ፀረ አይሁድ ቀስቃሽ ነበር፤ እሷም በስተርጅና ሂትለርን ቫይማር በሚገኘው የኒቼ ቤተ መዛግብት ተቀብላ አስተናግዳለች። ኒቼ ራሱ ግን ፀረ አይሁዶችን አምርሮ ይጠላ ነበር። ስለዚህ ከዚያ መጽሐፍ የተወሰደ ጥቅስ ሲያጋጥምዎ እንደ ደብተር ረቂቅ ይቁጠሩት እንጂ እንደ መጨረሻ ቃሉ አይያዙት። ጣሊያናውያኑ ምሁራን ኮሊና ሞንቲናሪ ከ1967 ጀምሮ ባሳተሙት ሂሳዊ እትም (ከእጅ ጽሑፎቹ ጋር እየተመሳከረ በተዘጋጀው) ማስታወሻዎቹ በተጻፉበት ጊዜ ቅደም ተከተል ስለቀረቡ በዚያ ላይ የተመሠረተ ትርጉም ካገኙ እሱን ይምረጡ። ጥፋቱን ሁሉ በእህቱ ላይ መጫን ግን አያዋጣም። እኩልነትን፣ ዴሞክራሲንና ሴቶችን የሚያንቋሽሹትን ገጾች ጽፎ ያሳተማቸው ራሱ ነው።

3. የሚናገረው ማን እንደሆነ፣ ለማንስ እንደሚናገር ይለዩ። አብዛኛው አንባቢ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። «ደስተኛው ሳይንስ» (1882) ቁጥር 125ን ይክፈቱ። አንድ እብድ በጠራራ ረፋድ ፋኖስ አብርቶ ወደ ገበያ ይሮጣል፤ «እግዚአብሔርን እፈልጋለሁ!» እያለ ይጮኻል። ገበያው ውስጥ የቆሙት ብዙዎቹ የማያምኑ ናቸው፤ ጠፋ እንዴ? ተደበቀ? በመርከብ ተሳፈረ? እያሉ ይሳለቁበታል። «ገደልነው፤ እናንተና እኔ!» ይላቸዋል። ባሕሩን እንዴት ጠጥተን ጨረስነው? ምድርን ከፀሐይዋ ስንፈታት ምን ማድረጋችን ነበር? ሲል ይጠይቃል። ዝም ሲሉት ፋኖሱን መሬት ላይ ይሰብርና «ቀድሜ መጣሁ» ይላል።

እንግዲህ ልብ ይበሉ። ንግግሩ የተሰነዘረው በአማኞች ላይ አይደለም፤ በሳቂዎቹ ላይ ነው። ፈጣሪ አለመኖሩን የሚያስረዳ አንድም ማስረጃ አይቀርብም። የሚነገረው አውሮፓ ስለገባችበት ሁኔታ ነው፤ እምነቱ ተንዶ ሳለ በላዩ የቆመው ሥነ ምግባር እንዳለ የሚቀጥል የመሰላቸው ሰዎች ናቸው የሚወቀሱት። ፋኖሱም ያለ ምክንያት አልገባም። በቀን ብርሃን መብራት ይዞ «ሰው እፈልጋለሁ» ያለው የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ ዲዮጋን ነው፤ ታሪኩን ያቆየልን ደግሞ ሌላ ዲዮጋን፣ የፈላስፎችን ሕይወት የጻፈው ዲዮጋን ላኤርትዮስ ነው፤ ኒቼ በወጣትነቱ የዚህን ጸሐፊ ምንጮች አጥንቶ ጽፏል። የጥንት ጽሑፎች ምሁር መሆኑን ማወቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ግን እብዱ ኒቼ ነው? አይቸኩሉ። በ1887 በተጨመረው አምስተኛ ክፍል፣ ቁጥር 343 ላይ፣ ያንኑ ነገር በራሱ ድምፅ ይናገራል፦ በክርስቲያኑ አምላክ ማመን የማይቻል ሆኗል ይላል። እዚህ ግን ጩኸት የለም። ሊመጣ ያለውን ጨለማ ከተነበየ በኋላ፣ እሱና መሰሎቹ አዲስ ንጋት እንደፈነጠቀባቸው፣ ባሕሩም ዳግም ክፍት እንደሆነላቸው ይጽፋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳያነቡ ኒቼን ሐዘንተኛም ደስተኛም ማለት ግምት ብቻ ነው።

በፎቶግራፍ ላይ ተጽፈው የሚዘዋወሩትን ጥቅሶች በጭራሽ አይመኑ። ማጠቃለያዎችንም ከዋናው በኋላ እንጂ በፊት አያንብቡ። መነሻዎ «ዛራቱስትራ እንዲህ ተናገረ» ከሆነ በግጥምና በምሳሌ ጎርፍ ይወሰዳሉ፤ በእኔ ግምት በ1887 የታተመው ሦስት ድርሳናት ያሉት «የሥነ ምግባር የትውልድ ሐረግ» ይሻላል፤ መከራከሪያው ፊት ለፊት ነው።

4. ተጽዕኖውን ሰው በሰው ይከታተሉ። «ሁሉንም ነክቷል» ማለት ምንም አለማለት ነው። እያንዳንዱ ምን ወሰደ፣ ምንስ ተወ? ፈረንሳዊው ፈላስፋ ፉኮ እሴቶች ከየት እንደመጡና በምን ትግል እንደጸኑ የሚመረምረውን የትውልድ ሐረግ ዘዴ ወሰደ፤ ዛራቱስትራ የሚሰብከውን የበላይ ሰው (የራሱን እሴት የሚፈጥረውን ሰው) ግን ተወው። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሃይዴገር ከ1936 ጀምሮ በሰጣቸው ትምህርቶች በብዛት የተደገፈው በ«የኃይል ፈቃድ» ማስታወሻዎች ላይ ነው፤ ሁለተኛውን እርምጃ የሠራ ሰው ምን ያህል ይታመናሉ የሚለው ጥያቄ ወዲያው ይመጣለታል። ከናዚ ጀርመን ወጥቶ አሜሪካ የገባው ፈላስፋ ዋልተር ካውፍማን በ1950 ባወጣው ጥናት ኒቼን ከናዚዎች እጅ አስጥሎታል፤ ከመጠን በላይ ገራም አደረገው ተብሎም ይተቻል።

5. ትርጓሜዎን ሲጽፉ በገጽ ፋንታ የመጽሐፉን ስምና የክፍሉን ቁጥር ይጥቀሱ። ገጽ ከእትም እትም ይለያያል፤ 125 ግን በየትኛውም ቋንቋ 125 ነው። የ«ዛራቱስትራ» ንግግሮች ተከታታይ ቁጥር ስለሌላቸው የንግግሩን ርዕስ ይጻፉ።