ሳንቲሜ ተላጠ! ላሚኔሽን ነው?

እንዲህ እያላችሁ ለምትጠይቁኝ፦ ላሚኔሽን ስል መታወቂያ ላይ የሚለበጠውን ፕላስቲክ ማለቴ አይደለም፤ ከአሠራሩ ጉድለት የተነሳ የሳንቲሙ ብረት ራሱ ሲላጥ ነው። መመዘንና በአጉሊ መነጽር ማየት ታውቃላችሁ ብዬ ልጀምር።

ላዩ ተነስቶ ከሥሩ ያው ቀለም ከታየ፣ ወለሉም እንደተፈለጠ እንጨት መስመር መስመር ካለው ላሚኔሽን ነው። ብረቱ ሲቀልጥ በደንብ ሳይዋሃድ ወይም ቆሻሻ ይዞ ከቀረ፣ ሲዳመጥ ንብርብር ይሆንና ይላጣል። የአሜሪካን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አምስት ሳንቲም ያየ ያውቀዋል። እስከ 1945 እ.ኤ.አ. የተመታው (ምስሉ የታተመበት)፣ ጀርባው ላይ ካለው ሕንፃ ጉልላት በላይ ትልቅ ፊደል ያለው ማለቴ ነው። 56 በመቶ መዳብ፣ 35 በመቶ ብር፣ 9 በመቶ ማንጋኒዝ። እንዲህ ያለ ድብልቅ አልላጥም ቢል ነው የሚገርመው። በተላጠው ቦታ ምስሉ ደብዘዝ ብሎ ከታየ፣ ብዙ ጊዜ ቅርፊቱ የወደቀው ሳንቲሙ ከመመታቱ በፊት ነው።

አሁን ወደሚያሰለቸኝ። ከሥሩ ቀይ ከወጣ ላሚኔሽን አይደለም፤ ቅብ ነው!

አንዱ «የአያቴ የብር ሽልንግ ተላጠ፣ ስንት ያወጣል?» ብሎ ፎቶ ላከልኝ። የጃንሆይ ጉንጭ ቀልቷል። ሳንቲሙ ላይ የተጻፈውን ዋጋ አንብበው አልኩት። ዝም አለ። ስሙኒ ነዋ! የ1936 ዓ.ም. ክቡ የመዳብ ስሙኒ መጠኑ ከብሩ ሽልንግ ጋር አንድ ስለነበር ሰዉ ብር እየቀባ በሽልንግ ዋጋ ያጠፋው ነበር። በኋላ ጠርዙን ሞገድ ሞገድ ያደረጉት ለዚህ ነው። ልጁ ግን ከሁለት ቀን በኋላ «እሺ፣ ላሚኔሽን ያለው ስሙኒ ስንት ነው?» አለኝ።

ቅብ መጀመሪያ የሚያልቀው እጅ የሚነካው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፦ ጉንጭ፣ ፀጉር፣ ጠርዝ። ላሚኔሽን ጉንጭ አይመርጥም፤ ብረቱ የተዳመጠበትን መስመር ይዞ ይሄዳል።

ማርትሬዛ ላይ እብጠት ካያችሁ ብዙ ጊዜ የአንጥረኛ ብየዳ ነው፣ ጌጥ ሆኖ ኖሯል። ከ1982 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለ የአሜሪካ አንድ ሳንቲም ላይ ከሆነ ደግሞ ዚንኩ ላይ የተቀባው መዳብ አብጦ ነው፤ እለፉት።

መፍትሄው? የተላጠ አይመለስም። ቅርፊቱን በመርፌ አታንሱ። «ከሥሩ ምን እንዳለ ልይ ብዬ» ያለኝ ሰው ቅርፊቱን ለብቻ በወረቀት ጠቅልሎ አመጣልኝ። በሱፐር ግሉም አታጣብቁ። በአመድና በሎሚ አትፈትጉ፣ እባካችሁ! ሽታ ያለው ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥም አታስቀምጡ፣ አረንጓዴ ሙጫ ያወጣበታል። ጠንካራ ክብ መያዣ ውስጥ ክተቱትና ተዉት። ፎቶ ስትልኩልኝ ብርሃኑ ከጎን ይሁን፣ ጠርዙም ይታይ።