ሚኒሞ ላይ የሚንቀጠቀጥ አሮጌ ቫን፦ ካርቡሬተሩን ከመንካትዎ በፊት

አልጋና ምድጃ ተገጥሞለት ለጉዞ የሚያገለግል አሮጌ ቫን ጣና ዳር ቆሞ ከከረመ በኋላ ሲነሳ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይሰጡት በዝግታ ሲዞር) ይቆራረጣል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ያመነታል። ብዙ ሰው ወዲያው ካቻቢቴ አንስቶ የካርቡሬተሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ) ብሎን ማዞር ይጀምራል። እባክዎ አይንኩት። የካንዴላ (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው ብልጭታ ሰጪ) ችግር ባለበት ሞተር ላይ ካርቡሬተሩ ከተነካካ ችግሩ ሁለት ይሆናል፤ የትኛው የትኛውን እንዳመጣም መለየት ይቸግራል።

እዚህ የምንናገረው ስለ ባለ 4 ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ነው። እንደ አሮጌው ቶዮታ ሃይኤስ ባሉት ላይ ሞተሩ ከፊት ወንበር ሥር ስለሆነ ሥራው ወንበሩን በማንሳት ይጀምራል። የካንዴላ ቁልፍ (አብዛኛውን ጊዜ 21 ወይም 16 ቁጥር)፣ ፊለር ጌጅ (የክፍተት መለኪያ)፣ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ ፒንሳ፣ ጥቂት የሳሙና ውሃና አንድ ጤነኛ ትርፍ ካንዴላ ያዘጋጁ። መኪናውን ደጅ ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይሳቡ፣ የምድጃውን ጋዝ ከሲሊንደሩ ይዝጉ።

መጀመሪያ የማይሠራውን ሲሊንደር ይለዩ። ሞተሩን አሙቀው ያጥፉት። የ1ኛውን ካንዴላ ኬብል ነቅለው በትርፉ ካንዴላ ላይ ይሰኩና የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር በሽቦ አጥብቀው ይሰሩት። ኬብሉ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ከቀረ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያመነጨውን ኮይል ሊያቃጥል ይችላል። አሁን ያስነሱና ያዳምጡ። መንቀጥቀጡ ከባሰ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር ማለት ነው። ምንም ለውጥ ከሌለ የተኛው እሱ ነው። አራቱንም በዚሁ መንገድ ይፈትሹ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከተኙ ኬብሎቹ ተዛንፈው እንዳይሆን ይመልከቱ፤ በእነዚህ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቅደም ተከተሉ 1-3-4-2 ነው። ኬብሉ ልክ ከሆነ በሁለቱ መሃል ያለውን የቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጋስኬት ይጠርጥሩ። ሁሉም እኩል የሚሠሩ መስሎ ሞተሩ ግን የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ጥፋቱ የጋራ ነው፤ ኮይል፣ አየር ወይም ነዳጅ።

ከዚያ ካንዴላዎቹን ፈትተው በተራቸው ይደርድሩ። ቀለማቸው ብዙ ይናገራል። ፈካ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ጤነኛ ነው። በቤንዚን የራሰ ከሆነ እሳት አልደረሰውም። ዘይት የያዘ ከሆነ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎማው አልቋል። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል። ደረቅ ጥላሸት ደግሞ ቤንዚን እንደበዛ ያሳያል፤ እዚህ ላይ ግን አይቸኩሉ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ጥቂት ቢያጠቁር አይገርምም። በበጋ በሐይቁ ዙሪያ ባሉ የአፈር መንገዶች ከተመላለሱ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጥተው ያራግፉ። የካንዴላው ክፍተት በብዛት 0.8 ሚሊሜትር ነው። የተኛውን ሲሊንደር ካንዴላ ከጎረቤቱ ጋር ይቀያይሩ፤ ጥፋቱ ከካንዴላው ጋር ከሄደ ተገኘ ማለት ነው።

ካልሄደ ኬብሉን በቴስተር ይለኩ፤ ከ25 ኪሎ ኦም በላይ ካሳየ ይቀየር። የዲስትሪቢውተሩን (እሳቱን ለሲሊንደሮቹ በተራ የሚያከፋፍለውን) ክዳን ከፍተው በፀሐይ ብርሃን ውስጡን ይመርምሩ። በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ካለ እሳቱ በዚያ እየሸሸ ነውና ክዳኑ አይጠገንም፤ ይቀየራል። በክረምት ሐይቁ ዳር ያደረ መኪና ክዳኑ ውስጥ ላብ ይይዛል፤ በደረቅ ጨርቅ መወልወል ብቻ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ፖይንት (በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ እየተከፈተ የሚዘጋ መገናኛ) ያለው ከሆነ ክፍተቱን 0.45 ሚሊሜትር ያድርጉ።

እሳቱ ደህና ከሆነ ወደ አየር ይለፉ። ሞተሩ እየሠራ ወደ ፍሬን ሰርቮ (ፍሬኑን ለመርገጥ የሚያግዘው) የሚሄደውን ወፍራም ቱቦ በፒንሳ ጨምቀው ይያዙ። ሚኒሞው ከተረጋጋ አየር የሚገባው በዚያ በኩል ነው። ቀጥሎ ካርቡሬተሩ በተቀመጠበት ጋስኬት ዙሪያ የሳሙና ውሃ ያንጠባጥቡ፤ ድምፁ ከተለወጠ ጋስኬቱ ይቀየር። በቤንዚን የሚሞክሩ አሉ፤ ከጋለ ጭስ ማውጫ አጠገብ ይህ እሳት መጥራት ነው።

ለነዳጁ፣ ከፊልትሮው በፊት ያለውን ቱቦ ነቅለው በንጹሕ ጠርሙስ ግማሽ ሊትር ይቅዱና 15 ደቂቃ ያቆዩት። ውሃ ካለ ከሥር ይተኛል። ጋኑ በግማሽ ሆኖ የከረመ መኪና ላይ ይህ የተለመደ ነው። በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ከሆነ ጠብታውን በነጭ ወረቀት ላይ ያድርጉ፤ ደርቆ የቅባት ምልክት ከተወ ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ሳይቀላቀልበት አልቀረም።

እስካሁን ካልተገኘ ኮምፕሬሽን (በየሲሊንደሩ የሚፈጠረውን ግፊት) በጌጅ ይለኩ። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ ኮይሉ ተነቅሎ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ይሁን። ቁጥሩ ከመመሪያው ቢያንስ አይደንግጡ፤ በዚህ ከፍታ ይቀንሳል። የሚታየው ልዩነቱ ነው። አንዱ ከሌሎቹ ከ1 ባር በላይ ካነሰ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምረው ደግመው ይለኩ። ከፍ ካለ ፋሻ፣ ካላለ ቫልቭ ወይም ጋስኬት ነው፤ ይህ የጋራዥ ሥራ ነው።

ካርቡሬተሩ አሁን ነው ተራው። የድብልቁን ብሎን እስኪነካ ድረስ በለስላሳው እያጠበቁ ስንት ዙር እንደሆነ ቆጥረው ይጻፉ። ካስጨነቁት ጫፉ ይበላሻል። ወደ ነበረበት መልሰው ሞተሩን ያስነሱና ሚኒሞው ከፍ እስኪል ሩብ ሩብ ዙር ያዙሩት፤ በመጨረሻ የሚኒሞውን ብሎን 750 ዙር በደቂቃ አካባቢ ያድርጉ።

በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ሰው ዓባይ በረሃ ላይ ሌላ ነገር ሊገጥመው ይችላል። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ሲወጣ ሞተሩ ይግላል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው ቤንዚን ወደ እንፋሎት ተለውጦ ሞተሩ ዳገቱ ላይ ይታነቃል። ከመንገዱ ዳር ወጥተው ያጥፉት፣ ወንበሩን ያንሱ፣ የነዳጅ ፓምፑንና ቱቦውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው 20 ደቂቃ ይጠብቁ። የካርቡሬተሩ ብሎን ከዚህ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ቱቦው በጭስ ማውጫው አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ ግን ከመመለስዎ በፊት አርቀው በፋሼታ ያስሩት።