ስሙ ያልታወቀ የጓሮ ራዝቤሪ፦ ከምልክቱ ተነስቶ ዝርያውን መለየት

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ በሲያትልና በአካባቢዋ ቤት የገዛ ሰው የቀድሞው ባለቤት የተከለው፣ ስሙ የማይታወቅ ራዝቤሪ አጥር ተደግፎ ሊያገኝ ይችላል። ዝርያውን ማወቅ ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ለመግረዝ ነው፤ ለአንዱ የሚስማማው አገራረዝ የሌላውን የዓመት ምርት ሊያሳጣ ይችላልና። ስለዚህ ከስሙ በፊት ወገኑ፣ ማለትም የበጋ፣ የመኸር ወይም ጥቁር መሆኑ፣ ይለይ።

ፍሬው ሲለቀም ነጩ እምብርት አብሮ ይመጣል

ይህ ብላክቤሪ እንጂ ራዝቤሪ አይደለም። የራዝቤሪ እምብርት ተክሉ ላይ ይቀርና ፍሬው ውስጡ ክፍት ሆኖ ይወጣል። አገዳው ወፍራምና ባለ ማዕዘን፣ እሾሁም ብርቱ ከሆነ፣ በዋሽንግተን ግዛት በወራሪ አረምነት የሚታወቀው ሂማላያን ብላክቤሪ ሊሆን ስለሚችል ከነሥሩ ተቆፍሮ ይወገድ።

በብርዱ ወራት ሁሉም ተቆርጦ፣ በጁላይ አንድም ፍሬ አልታየም

ብዙ ሰው ተክሉ የሞተ ወይም የመከነ የሚመስለው እዚህ ላይ ነው። የራዝቤሪ ሥር ለዓመታት ይኖራል፤ አገዳው ግን ዕድሜው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። እንደ ሚከር፣ ዊላሜትና ቱላሚን ያሉት የበጋ (በጁላይ ገደማ የሚለቀሙ) ዝርያዎች የሚያፈሩት ዓመት በሞላው አገዳ ላይ ስለሆነ፣ እርሱን የቆረጠ ሰው ፍሬውን አብሮ ቆርጧል። በ1969 ከኒውዮርክ የወጣውን ሄሪቴጅን የመሰሉት የመኸር ዝርያዎች ግን በዚያው ዓመት በበቀለው አገዳ ጫፍ ላይ ከኦገስት ገደማ ጀምሮ ያፈራሉ።

መፍትሄው አንድ ዓመት ሳይቆርጡ መታገሥ ነው። በፀደይ ከመሬት የሚወጣውን አዲስ አረንጓዴ አገዳ ሁሉ በክር ምልክት ያድርጉበት፤ አሮጌው ቡናማና ልጡ የሚላላጥ ስለሆነ አያሳስትም። ክር የታሰረበት በዚያው ዓመት ጫፉ ላይ ካፈራ የመኸር ዝርያ ነውና በፌብሩዋሪ ሁሉንም ከመሬት ደረጃ መቁረጥ ይቻላል። ክር የታሰረበት ሳያፈራ ቀርቶ አሮጌው ብቻ ካፈራ ግን፣ ከለቀማ በኋላ ያፈራውን ብቻ ቆርጠው አዲሱን ለመጪው ዓመት ይተዉት።

ፍሬው ጥቁር ነው፤ አገዳው ነጭ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል

ዱቄቱ በጣት ሲታሽ ከለቀቀ፣ አገዳውም ጎንበስ ብሎ ጫፉ አፈር ሲነካ ሥር ከሰደደ፣ ጥቁር ራዝቤሪ ነው። አዲሱ አገዳ በበጋ ጫፉ ቢቀነጠብ ቅርንጫፍ ያበዛል። ሐምራዊው፣ ለምሳሌ ሮያልቲ፣ የቀዩና የጥቁሩ ዲቃላ ነው።

ፍሬው ሲነካ ይፈረፈራል

ይህን የዝርያ መለያ ማድረግ ስህተት ነው። አበባው በዝናብና በብርድ ወቅት ወጥቶ ንብ በሚገባ ካልጎበኘው ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል። በየዓመቱ የሚደጋገም ከሆነ ግን በአበባ ዱቄት የሚተላለፍ ቫይረስ ይጠረጠራል። ሚከር ለዚህ ቫይረስ ተጋላጭ ነው፤ ዊላሜት ግን የተለመደውን ዓይነት ይቋቋማል። በቫይረሱ የተያዘ ተክል መድኃኒት ስለሌለው ነቅሎ ከበሽታ ነጻ መሆኑ የተረጋገጠ ችግኝ መትከል ይሻላል።

ወገኑ ታወቀ፣ ስሙ ግን አልታወቀም

ቀያዮቹ እጅግ ስለሚመሳሰሉ በፎቶ ብቻ ስም መስጠት አያስተማምንም። ረዘም ያለና የሚያብረቀርቅ ፍሬ ቱላሚንን፣ ጠቆር ያለና ክብ የሚመስል ፍሬ ዊላሜትን ያስጠረጥራል፤ ሁለቱም ግን ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደሉም። በዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚሠሩት ማስተር ጋርድነር የተባሉ በጎ ፈቃደኞች ተክል አይተው ምክር ይሰጣሉ። ወደ እነርሱ ሲሄዱ ከአዲሱም ከአሮጌውም አገዳ ቁራጭ ከነቅጠሉ፣ የበሰለ ፍሬና ፍሬው የበሰለበትን ወር የያዘ ማስታወሻ ይውሰዱ።