የዱቄት ወተት ሲያስቸግር፦ ምክንያቱና መፍትሔው

የዱቄት ወተት እምቢ ሲል መጀመሪያ የሚወቀሰው ፋብሪካው ነው፤ «ይሄኛው አይረባም» ይባልና ሌላ ጣሳ ይገዛል። አብዛኛው ጣጣ ግን የሚመጣው ከውሃ ነው፦ ወይ የሚበጠበጥበት ውሃ ልኩን ወይም ሙቀቱን ይስታል፣ ወይ ሳይታወቅ ጣሳው ውስጥ እርጥበት ይገባል።

ሲበጠበጥ ይጓጉላል

ዱቄቱ የፈላ ውሃ ላይ ሲነሰነስ ውጪው ወዲያው ይርስና ይጣበቃል፤ ውስጡ ሳይርስ ታፍኖ ይቀራል። ከጓሎቹ አንዱን በማንኪያ ጀርባ ጫን ብታደርጉት ከመሃሉ ደረቅ ዱቄት ይወጣል። በጣም ቀዝቃዛ ውሃም አይሆንም። ቅባቱ ያልወጣለት ዱቄት ሩብ ያህሉ ስብ ስለሆነ ከላይ ተንሳፍፎ ይቀራል። «ኢንስታንት» የሚባለው ግን ስብን ከውሃ የሚያዋህድ ሌሲቲን የሚባል ንጥረ ነገር ስለሚጨመርበት በቀዝቃዛውም ይሟሟል።

የሚስማማው ከ40 እስከ 50 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ነው፤ ጣት ሲነከርበት ሞቅ የሚል እንጂ የማያቃጥል። ውሃው አስቀድሞ ፈልቶ የበረደ ይሁን። ዱቄቱን መጀመሪያ ብርጭቆ ውስጥ አድርጉ፤ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጋችሁ ወፍራም በሶ እስኪመስል እሹት፤ ከዚያ ቀሪውን እያማሰላችሁ ጨምሩ። ከጓጎለ በኋላ ደግሞ በማጥለያ አጥልላችሁ፣ የቀረውን ጓል በማንኪያ እየተጫናችሁ አሳልፉት። ለጥቂት ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥ ጣዕሙም ይለሰልሳል።

ውሃ ውሃ ይላል

ለ1 ሊትር 130 ግራም ገደማ፣ ለአንድ ብርጭቆ (200 ሚሊ ሊትር) 26 ግራም ገደማ ያስፈልጋል፤ ይህም ሞላ ያለ 3 የሾርባ ማንኪያ ነው። ማሸጊያው ላይ ሌላ ልክ ከተጻፈ እሱን ተከተሉ። ልኩ ሳይጓደል ከቀጠነ ቅባቱ የወጣለት ወተት ሊሆን ይችላል። ጣዕሙ ወተት ወተት ካላለ ደግሞ ማሸጊያውን አንብቡ፤ በወተት ቅባት ፋንታ የአትክልት ዘይት የገባባቸው ዱቄቶች ገበያ ላይ አሉ።

ቡና ውስጥ ሲገባ ይበጣጠሳል

ቡና አሲድ አለው፤ አሲዱና ትኩሳቱ ተባብረው የወተቱን ፕሮቲን ያቋጥሩታል። ወተቱን ለብቻው ወፈር አድርጋችሁ በጥብጡ፣ አሙቁት፣ ስኒው ውስጥ አስቀድሙና ቡናውን በላዩ ቅዱ። ሎሚ የገባበት ሻይ ላይ ግን በከንቱ አትድከሙ።

ጣሳው ውስጥ ደድሯል

በዱቄቱ ውስጥ ያለው የወተት ስኳር፣ ላክቶስ፣ እርጥበት ይስባል። እርጥበቱ የሚገባው ደግሞ በእኛው እጅ ነው፤ ሻይ በተማሰለበት ማንኪያ ሲቀዳ፣ ጣሳው እንፋሎት ከሚወጣው ድስት በላይ ሲከፈት፣ ከፍሪጅ ወጥቶ ሳይለብ ክዳኑ ሲነሳ። በእጅ የሚፈርስ፣ ቀለሙና ሽታው ያልተለወጠ ከሆነ ነፍታችሁ ቶሎ ጨርሱት። እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ወደ ቡናማ ካደላ ጣሉት። ፓኬቱን ጠቅልሎ በላስቲክ ማሰር አይበቃም፤ ክዳኑ ጥብቅ ወደሆነ ደረቅ ጠርሙስ ገልብጡትና ከምድጃ ርቆ ጨለማ ቦታ ይቀመጥ። ውስጡ የሚቀር ደረቅ ማንኪያም መድቡለት።

የቆየ ዘይት ይሸታል

ይህ ስቡ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ሲበላሽ የሚመጣ ሽታ ነው፤ ሙቀትና ብርሃን ያፋጥኑታል። በጿሚ ቤት ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከቅበላ በፊት የተከፈተው ትልቅ ጣሳ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ቁምሳጥን ውስጥ ይከርምና ለፋሲካ ይወጣል። ማሸጊያው ላይ የታተመው ቀን ደግሞ ላልተከፈተ ጣሳ ነው። አንዴ ከሸተተ ማፍላትም፣ ስኳርም፣ ቅመምም አይመልሰውም። ስለዚህ ጾም ሲቃረብ ትንሹን ፓኬት ግዙ። ብዙ ከተረፈ አየር እንዳይኖረው እስከ አፉ በሞላ ትንሽ ዕቃ አሽጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡ፤ ሲወጣ እስኪለብ ሳትከፍቱት ጠብቁ።

የተበጠበጠው አድሮ ኮመጠጠ

ዱቄት የሚቆየው ደረቅ እስከሆነ ነው፤ ውሃ ከነካው እንደ ጥሬ ወተት ይበላሻል። ከ2 ሰዓት በላይ ውጪ አይቆይ፤ ፍሪጅ ውስጥም በ24 ሰዓት ጨርሱት። መብራት ደጋግሞ የሚጠፋበት ሰፈር ለአንድ ጊዜ የሚበቃውን ብቻ መበጥበጥ ይሻላል። ትናንት በተረፈው ላይ አዲስ አትጨምሩ።

ለሕፃን ሲሆን

እዚህ ላይ ጥንቃቄው ሌላ ነው፤ እባካችሁ በግምት አትሥሩ። ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን ተራ የዱቄት ወተት በጭራሽ አይሰጥም፤ ፕሮቲኑና ጨዉ ለኩላሊቱ ይከብዳል፣ ብረቱም አይበቃውም። እስከ 1 ዓመትም ሐኪም ሳይማከር ዋና መጠጥ አይሁን። ፎርሙላ፣ ማለትም ለሕፃናት ተብሎ የተዘጋጀ የዱቄት ወተት፣ የሚጠጣ ከሆነ ደግሞ ከላይ ያለው የ50 ዲግሪ ምክር አይሠራም። የፎርሙላ ዱቄት ከጀርም ነጻ አይደለም፤ ክሮኖባክተርና ሳልሞኔላ ሊኖሩበት ይችላሉ። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ውሃ እንዲበጠበጥ ይመክራሉ። ውሃ ከፈላ በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ ከዚያ በታች ሊወርድ ይችላል፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ፈጠን በሉ። ልኩን ለመቆጠብ ብላችሁ አታቅጥኑ። የተዘጋጀውን ጡጦ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አብርዱ፣ ክንዳችሁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ሞክሩ፤ ሕፃኑ በ2 ሰዓት ውስጥ ያልጨረሰውን ድፉት።