ሲከፋችሁ አንድ ዘፈን ብቻ ተወዛወዙ
ልብ ሲከብድ "ተነስና ስፖርት ስራ" የሚል ምክር አይዋጥም፤ ከአልጋ መውረዱ ራሱ ዳገት ነው። እንዲህ ባለ ቀን ሰውነት የሚያንቀሳቅስ ቪዲዮ ጌም ሞክሩ፣ ለምሳሌ ስክሪን ላይ ያለውን ዳንሰኛ እየተከተላችሁ የምትወዛወዙበትን ጀስት ዳንስ። አንድ ዘፈን ብቻ፣ 3 ወይም 4 ደቂቃ። ቀላሉን ምረጡ፣ ነጥቡን እርሱት (የእኔማ ያሳፍራል)። እጅና እግር ስክሪኑን ለመከተል ሲራወጡ አእምሮ ያንኑ ሀሳብ ደጋግሞ ለማመንዠክ ፋታ ያጣል፣ ሲያልቅ ደግሞ ትከሻ ላይ የተቋጠረው ውጥረት ትንሽ ላላ ይላል። ድብደባና ተኩስ ያለበት ጌም ግን ክፉ ትዝታ ለሚቀሰቅስበት ሰው አይሆንም። ራሳችሁን ካዞራችሁ አቁሙና ተቀመጡ። መሃል ላይ እንባ ከመጣም ይምጣ፣ አትታገሉት። ሕክምና የጀመራችሁ ከሆነ ጎን ለጎን አስኪዱት እንጂ በጌም አትተኩት።