ጥርቱንም ሻካራውንም ድምፅ ከአንድ ቲዩብ አምፕሊፋየር ለማግኘት፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

የቲዩብ አምፕሊፋየር ገዝተው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቅር የሚሰኙ ጊታር ተጫዋቾች ቅሬታቸው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ጥርት ብሎ መውጣት የነበረበት ድምፅ ቶሎ ይሻክርባቸዋል፣ ወይ ደግሞ ከሃይ ጌይን ቻናሉ፣ ማለትም ሲግናሉን አብዝቶ በማጉላት ከሚያሻክረው መስመር፣ የጠበቁት ጡንቻ ያለው ድምፅ ሳስቶ ወይም ተጨማልቆ ይወጣባቸዋል። ዕቃው በእርግጥ የተበላሸበት ጊዜ አይጠፋም፤ በአብዛኛው ግን ስህተቱ የተፈጸመው በምርጫው ወቅት ነው። የእኔ አቋም ከወዲሁ ይታወቅ፦ ጌይን (ሲግናሉ የሚጎላበት መጠን) በኋላ በፔዳል ሊጨመር ይችላል፤ አምፑ ሳይሻክር የሚጮህበት አቅም ግን በፔዳል አይጨመርም፤ ስለዚህ ሁለቱንም ድምፆች የሚፈልግ ሰው አምፑን መጀመሪያ መመዘን ያለበት በጥርቱ ድምፅ ነው።

የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጠው የጊታሩ ፒክአፕ የሚመጣው ደካማ ሲግናል በመጀመሪያ በፕሪአምፕ ቲዩቦች ይጎላል፤ እነዚህም በአብዛኛው 12ኤኤክስ7፣ በአውሮፓ ስያሜው ኢሲሲ83 የሚባሉት ናቸው። ከዚያም በፓወር ቲዩቦች ጉልበት አግኝቶ በአውትፑት ትራንስፎርመር በኩል ወደ ስፒከሩ ይደርሳል። ሲግናሉ ቲዩቡ ከሚችለው በላይ ሲሆን የሞገዱ ጫፎች ይቆረጣሉ፤ ዲስቶርሽን የምንለውም ይህንኑ መቆረጥ ነው። መቆረጡ በፕሪአምፑ ውስጥ ወይም በፓወር ክፍሉ ውስጥ ሊደርስ ይችላል፤ ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ችግሮች አብዛኞቹ የትኛው ክፍል እየተቆረጠ እንደሆነ ካለመለየት የሚመነጩ ናቸው።

ምልክት፦ ብቻዬን ስጫወት ጥርት ያለ ነው፤ ድራም ሲገባ ግን ይሻክራል

ምክንያቱ አምፑ ለዚያ የድምፅ መጠን የሚበቃ ሄድሩም ስለሌለው ነው። ሄድሩም ሲግናሉ መቆረጥ ከመጀመሩ በፊት ያለው ትርፍ አቅም ሲሆን፣ የፓወር ቲዩቦቹ ዓይነትና ብዛት፣ የትራንስፎርመሩ መጠንና የኃይል አቅርቦቱ ጥንካሬ በአንድነት ይወስኑታል። ሁለት ኢኤል84 የያዘ አምፕ በግምት 15 ዋት፣ ሁለት 6ቪ6 የያዘ 20 ዋት ገደማ፣ ሁለት 6ኤል6 የያዘ ደግሞ ከ40 እስከ 50 ዋት ያወጣል። ኢኤል84 ቶሎ ይሻክራል፤ ለብሉዝ ይህ ጸጋው ነው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከድራም በላይ እንዲሰማ ለሚፈልግ ሰው ግን ጉድለቱ ይሆናል። 6ኤል6 ሰፊና ጠንካራ ቤዝ ይዞ ረጅም ርቀት ጥርት ብሎ ይጓዛል። ኢኤል34 መካከለኛውን የድምፅ ክልል ወደ ፊት ስለሚያወጣ ለሮክ ተመራጭ ሆኖ ቆይቷል።

ዋት ብቻ ማሳደድ ግን ያሳስታል። ኃይል በእጥፍ ሲያድግ የድምፁ መጠን የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሮ እጥፍ የጎላ ሆኖ እንዲሰማ 10 ዴሲቤል ገደማ፣ ማለትም 10 እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። የፌንደር ዴሉክስ ሪቨርብ 22 ዋት፣ ትዊን ሪቨርብ ደግሞ 85 ዋት ነው፤ በዋት ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋው ይህ ልዩነት በዴሲቤል ሲለካ 6 ያህል ብቻ ነው። ትዊኑ ከዚያም በላይ ገናና ሆኖ የሚሰማው ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከር ስላለው ጭምር ነው፤ ክብደቱ ወደ 30 ኪሎ እንደሚጠጋ ግን ደረጃ እየወጣ የተሸከመው ሰው ያውቃል።

ስለዚህ አምፑን ለመለወጥ ከመነሳት በፊት ስፒከሩን ይመልከቱ። ስፒከር በ1 ዋት ኃይል በ1 ሜትር ርቀት ላይ የሚያሰማው ድምፅ በዴሲቤል ተለክቶ በመግለጫው ላይ ይሰፍራል። 97 ዴሲቤል የሆነውን ስፒከር 100 ዴሲቤል በሆነው መተካት የአምፑን ዋት በእጥፍ ከማሳደግ ጋር ይተካከላል፤ ወጪውም በጣም ያነሰ ነው። ቀጥሎ ጊታሩን ይፈትሹ፤ ኃይለኛ ሃምባከር ፒክአፕ የመጀመሪያውን ቲዩብ ገና ከበሩ ሊያሻክረው ይችላል። አምፑ ሁለት መግቢያ ካለው ዝቅተኛውን ይጠቀሙ፤ ከሌለው የፒክአፑን የጎን ብሎኖች በየጊዜው ግማሽ ዙር ብቻ እያዞሩ ከክሮቹ ያርቁትና በየደረጃው ያዳምጡ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተስተካከለ ምርጫው ራሱ ስህተት ነበር ማለት ነው።

አዲስ አምፕ ሲሞክሩ ስድስቱንም ክሮች በኢ ሜጀር ኮርድ በኃይል እየመቱ ቮልዩሙን ቀስ በቀስ ከፍ ያድርጉ፤ መሻከር የጀመረበትን ነጥብ በልብዎ ይያዙ። ያ ነጥብ ከሌሎች ጋር ሲጫወቱ ከሚጠቀሙበት መጠን በላይ ካልሆነ፣ የሃይ ጌይን ቻናሉ ምንም ያህል ቢያምር አምፑ ሁለቱንም ሥራ አይሠራልዎትም።

ምልክት፦ ስሞክረው ግሩም የነበረው ሃይ ጌይን ቤት ስገባ እንደ ንብ መንጋ ይዝዛል

እኔ ራሴ የመጀመሪያውን ባለ 100 ዋት ሄድ (ስፒከር የሌለው አምፕ) የገዛሁት በሰፊ አዳራሽ ውስጥ ከሰማሁት በኋላ ነበር። ቤት ሳስገባው የማስተር ቮልዩሙ (አጠቃላይ ድምፁን የሚቆጣጠረው ቁልፍ) ጠቃሚ ክልል ከ1 እስከ 2 ባለው ውስጥ፣ የጥፍር ስፋት በምታህል ቦታ ብቻ እንደቀረ ተረዳሁ፤ ከዚያ በታች ድምፅ የለም፣ ከዚያ በላይ ጎረቤት ይነሳል።

ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የሰው ጆሮ ድምፅ ሲቀንስ ቤዙንና የላይኛውን ትሬብል ከመካከለኛው ይበልጥ ያጣል፤ ስለዚህ በጩኸት የተስተካከለ ቶን በዝግታ ሲሰማ መሳሳቱ አይቀርም። ሁለተኛ፣ አምፑ ዝቅ ባለ መጠን ሲሠራ ፓወር ቲዩቦቹ፣ ትራንስፎርመሩና ስፒከሩ ለድምፁ የሚጨምሩት የራሳቸው ጫና ይጠፋና የፕሪአምፑ ጥርስ ብቻ ይቀራል።

ባለ 100 ዋቱን በባለ 50 ዋት መለወጥ መፍትሄ አይደለም፤ ልዩነቱ ከላይ እንደተባለው 3 ዴሲቤል ነው። የሚረዳው ጌይኑን ከለመዱት ቀንሶ መካከለኛውን መጨመር፣ ማስተር ቮልዩሙ ለስላሳ ሆኖ የሚከፈት አምፕ መምረጥ፣ ወይም በአምፑና በስፒከሩ መካከል ገብቶ ትርፉን ኃይል ወደ ሙቀት የሚለውጥ አቴንዌተር መጠቀም ነው። አቴንዌተሩ የአምፑን ዋት የሚችልና ከኦሙ ጋር የሚስማማ መሆን አለበት። የሃይ ጌይን ባሕርይው ከፕሪአምፕ የሚመነጭ አምፕ፣ ለምሳሌ በ1987 የወጣው ሶልዳኖ ኤስኤልኦ 100 እና እሱን የተከተሉት፣ ባሕርያቸውን በዝቅተኛ መጠንም ቢሆን በተሻለ ይይዛሉ፤ ከፓወር ክፍሉ መሻከር የሚጠቀሙት አሮጌዎቹ ማርሻሎች ግን ሳይከፈቱ አይናገሩም።

ምልክት፦ ወፍራሞቹን ክሮች በመዳፌ አፍኜ ስመታ ድምፁ ይጨማለቃል

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ጌይን ይጨምራል፤ ችግሩን የሚያባብሰውም ይኸው ነው። ቤዝ ብዙ ጉልበት ስላለው ከጌይን ደረጃዎቹ በፊት ካልተቀነሰ ቲዩቦቹን ቀድሞ ይሞላቸውና ሌላውን ሁሉ ይውጣል። ከዲስቶርሽኑ በኋላ በቤዝ ቁልፍ መቀነስ ደግሞ ድምፁን ያሳሳል እንጂ አያጠራውም፤ ጭምልቅልቁ አስቀድሞ ተፈጥሯልና።

እዚህ ላይ የቶን ቁልፎቹ በሰርኪዩቱ ውስጥ የት እንደተቀመጡ ማወቅ ይጠቅማል። በማርሻል ዓይነቶቹ ከጌይን ደረጃዎቹ በኋላ ይመጣሉ፤ ስለዚህ ቤዙን ወደ መሃል ማድረስ አያስፈራም። በሜሳ ቡጊ ማርክ ተከታታዮች ግን ከፊት ስለሚገኙ፣ በሃይ ጌይን ላይ የቤዙን ቁልፍ ወደ 1 ወይም 2 ማውረድ የተለመደ ነው። ይህንን ሳያውቅ ሁሉንም ቁልፍ መሃል ላይ አድርጎ የሞከረ ሰው ጥሩውን አምፕ መጥፎ ብሎ ሊመለስ ይችላል።

የተፈተነው ፈውስ እንደ ቲዩብ ስክሪመር ያለ ኦቨርድራይቭ ፔዳል ከአምፑ ፊት አስገብቶ፣ ድራይቩን ወደ ዜሮ አካባቢ አውርዶ፣ ሌቭሉን ከፍ ማድረግ ነው። ፔዳሉ ቤዙን ቀንሶ መካከለኛውን ስለሚያጎላ የእያንዳንዱ ምት መነሻ ተለይቶ ይሰማል፤ በአምፑ ላይ ያለውን ጌይንም እንዲያውም መቀነስ ይቻላል። ከዚያ በኋላ የሚታየው የግድግዳውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ የሚለውጠው ሬክቲፋየሩ ነው፤ በቲዩብ ሬክቲፋየር የሚሠራ አምፕ በኃይል ሲመታ ቮልቴጁ ለቅጽበት ዝቅ ስለሚል ለሶሎ ደስ የሚል ልስላሴ ይሰጣል፣ ለፈጣን የታፈነ ምት ግን ሲሊከን ዳዮድ ያለው ይበልጥ ይጠብቃል። ጀርባው የተዘጋ ካቢኔትም ከክፍቱ ይልቅ ቤዙን ሰብስቦ ይይዛል።

ምልክት፦ ክሊኑን (ጥርቱን ድምፅ) ካስተካከልኩ ሃይ ጌይኑ ይበላሻል

ምክንያቱ ሁለቱ ቻናሎች አንድ የቤዝ፣ የሚድልና የትሬብል ቁልፍ የሚጋሩ መሆናቸው ነው። ክሊን ድምፅ የሚያምረው ብዙውን ጊዜ መካከለኛው ሲቀነስ ነው፤ ሃይ ጌይን ግን መካከለኛው ከተቀነሰበት ከባንድ መሃል አይሰማም። በፔዳል የሚገባ ኢኳላይዘር ችግሩን ያስታግሳል፤ ከመግዛት በፊት ግን ለእያንዳንዱ ቻናል የራሱ ቶንና የራሱ ማስተር ቮልዩም መኖሩን ማረጋገጥ ይሻላል።

ዲሌይና ሪቨርብ (ድምፅን የሚደጋግሙና የሚያስተጋቡ ኢፌክቶች) በክሊን አምረው በሃይ ጌይን ላይ ወደ ጭጋግ የሚለወጡ ከሆነ፣ ከዲስቶርሽኑ በፊት ስለገቡ ነው፤ በፕሪአምፑና በፓወር ክፍሉ መካከል ባለው ኢፌክት ሉፕ ይግቡ። ሉፕ የሌለው አምፕ ለዚህ ሥራ አይመረጥ።

ምልክት፦ ጌይኑን ስከፍት ያፏጫል ወይም ይጮሃል

መጀመሪያ የጊታሩን ቮልዩም ይዝጉ። ጩኸቱ ከቆመ ምንጩ ፒክአፑ ወይም ኬብሉ ነው። ካልቆመ በአምፑ ውስጥ ነው፤ አምፑ በርቶ፣ ቮልዩሙ ዝቅ ብሎ፣ የፕሪአምፕ ቲዩቦቹን አንድ በአንድ በእርሳስ ጫፍ በቀስታ መታ መታ ያድርጓቸው። በሃይ ጌይን ቻናል ላይ ከመጀመሪያው ቲዩብ ትንሽ ቋ የሚል ድምፅ ቢመጣ ጤናማ ነው፤ እንደ ደወል የሚያስተጋባ ወይም መጮህ የሚጀምር ቲዩብ ግን ማይክሮፎኒክ ሆኗልና ይለወጥ። የማያቋርጥ ኸሽታ ብቻ ከሆነ የሃይ ጌይን ተፈጥሮ ነውና ኖይዝ ጌት (በማይጫወቱበት ጊዜ ኸሽታውን የሚዘጋ መሣሪያ) ይበቃዋል።

ምልክት፦ ፓወር ቲዩቡ ውስጥ ያለው ግራጫ ብረት ቀልቷል

ወዲያውኑ ያጥፉት። ብርቱካናማ ሆኖ የሚበራው ፊላመንት የተለመደ ነው፤ በዙሪያው ያለው ፕሌት ከቀላ ግን ቲዩቡ ከሚችለው በላይ ኃይል እያለፈበት ነው፣ ወይ ባያሱ (ሲግናል በሌለበት በቲዩቡ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚወስነው ማስተካከያ) ተዛብቷል ወይ ቲዩቡ ራሱ ተበላሽቷል። ለ6ኤል6ጂሲ የፕሌቱ ወሰን 30 ዋት ሲሆን፣ ባለ ፊክስድ ባያስ አምፕ ሲግናል ሳይኖር ከዚህ 70 በመቶ ማለትም ከ21 ዋት እንዳያልፍ ይደረጋል፤ በ450 ቮልት ይህ ለአንድ ቲዩብ 46 ሚሊአምፒር ገደማ ነው። በሳጥኑ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም የሚገድል ቮልቴጅ ይይዛሉና ልኬቱን ለባለሙያ ይተዉት። የቲዩብ አምፕንም ያለ ስፒከር አያብሩ፤ ጭነት ያጣው አውትፑት ትራንስፎርመር በራሱ ቮልቴጅ ሊቃጠል ይችላል።

ምልክት፦ ውድ ቲዩብ ገዝቼ ቀየርኩ፤ ድምፁ ግን ያው ነው

ደህና የሆነ 12ኤኤክስ7ን በሌላ ፋብሪካ 12ኤኤክስ7 መተካት የሚያመጣው ለውጥ ከሚወራለት ያነሰ ነው። ዓይነቱን መለወጥ ግን ይሰማል። የ12ኤኤክስ7 የማጉላት መጠን 100፣ የ5751 70፣ የ12ኤዋይ7 ደግሞ 45 ገደማ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ማርሻል የፌንደር ቤዝማንን ሰርኪዩት ተከትሎ ጄቲኤም45ን ሲሠራ፣ በመጀመሪያው ቦታ 12ኤዋይ7 የነበረውን በኢሲሲ83 መተካቱ አምፑን ቶሎ እንዲሻክር ካደረጉት ነገሮች አንዱ ነበር። ክሊኑ ቶሎ የሚሻክርበት ሰው ይህንኑ መንገድ ወደ ኋላ ሊሄድበት ይችላል፤ በመጀመሪያው ቦታ 5751 ወይም 12ኤዋይ7 ሰክቶ የጎደለውን ጌይን ደግሞ በፔዳል ይመልሰዋል።