ስትሮ፣ ሶፍትና አሮጌ ፌስታል ይዛችሁ ክፍል ግቡ

ስታቲክ ኤሌክትሪክን (ዕቃዎች ሲፋተጉ የሚታየውን ኤሌክትሪክ) ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል ውስጥ ለማሳየት የሞከርኩት ሰኔ ላይ ነው። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ስልሳ ተማሪ ዓይኑን እኔ ላይ ተክሏል። የፕላስቲክ ማስመሪያዬን ፀጉሬ ላይ ፈተግኩና ወደ ወረቀት ቁርጥራጮቹ አስጠጋሁ። ምንም። ደግሜ ፈተግኩ። አሁንም ምንም። ከኋላ አንዱ «ቲቸር፣ ዛሬ መብራት የለም እንዴ?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ጥፋቱ የራሴ ነው። አየሩ እርጥብ ሲሆን ፕላስቲኩ ላይ ዓይን የማያየው ስስ ውሃ ይለብሳል። ቻርጁ፣ ማለትም በመፈተግ ዕቃው ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ፣ በዚያ ሾልኮ ያልቃል። ስለዚህ ከኅዳር እስከ ጥር፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ሞቅ ሲል ሥሩት። ዝናብ ላይ ከወደቀባችሁ ዕቃውን ቀድማችሁ በፀጉር ማድረቂያ አሙቁ። ቅባት የነካው ፀጉር ላይ ደግሞ አትልፉ፣ አይሠራም።

የወረቀቷ ጨዋታ ደስ ትላለች፣ ግን ብዙ አታስተምርም። ሁለቱም ዕቃዎች ቻርጅ እንዳላቸው የሚያረጋግጠው መሳሳቡ ሳይሆን መገፋፋቱ ነው። እኔ አሁን የምጀምረው ከዚያ ነው።

አራት የፕላስቲክ ስትሮ (የወረቀቱ አይሆንም)፣ ደረቅ ሶፍትና ክር ያዙ። አንዱን ስትሮ ወገቡ ላይ በክር አስሩና ከጠረጴዛ ጠርዝ አንጠልጥሉት። አንዱን ጫፉን በሶፍት አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ፈጠን እያላችሁ ፈትጉ። የፈተጋችሁትን ጫፍ በእጅ አትንኩት። መወዛወዙን እስኪያቆም ጠብቁ። ሁለተኛውን ስትሮም እንዲሁ ፈትጋችሁ፣ ሳታስነኩ ወደ መጀመሪያው አስጠጉ። ይሸሻል። ብትከተሉት ዞሮ ያመልጣል። ልጆቹ እዚህ ላይ ከወንበራቸው ይነሳሉ፣ ተዉአቸው።

አሁን አንድ ተማሪ ጥሩና ባዶ ጣቱን ያስጠጋ። ስትሮው ወደ ጣቱ ይመጣል! «ጣትህን ፈትገሃል?» በሉት። አልፈተገም። እንግዲህ መሳሳብ ብቻውን ሁለቱም ቻርጅ እንዳላቸው አያረጋግጥም። ቻርጅ ያለው ነገር ቻርጅ የሌለውንም ይስባል። የሚገፉት ግን ሁለቱም አንድ ዓይነት ቻርጅ ሲይዙ ነው። እኔ ይህችን ጣት ካገኘሁ ወዲህ በሰሌዳ ላይ ብዙ መጻፍ ትቻለሁ።

ከዚያ ማብራሪያው በአጭሩ፦ መፈተግ ቻርጅ አይፈጥርም፣ ያዛውራል። ከሶፍቱ ኤሌክትሮን (ቻርጅ የተሸከመ እጅግ ትንሽ የአተም ክፍል) ወደ ስትሮው ሄደ። ስትሮው ኔጌቲቭ፣ ሶፍቱ ፖዘቲቭ ሆነ። ስሞቹን ያወጣው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው። ኤሌክትሮን የተገኘው ግን ከሱ በኋላ፣ በ1897 እ.ኤ.አ. ነው። የኤሌክትሮን ቻርጅ «ኔጌቲቭ» የተባለው እንዲህ ስያሜው ቀድሞ ስለተሰጠ ነው፣ ጎድሎት አይደለም። ይህን የሚጠይቅ ልጅ ሁልጊዜ አለ።

ለፌስታል ገበያ መውጣት አያስፈልግም፣ ቤት ውስጥ የተረሳች አትጠፋም። ሁለት ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ሃያ አምስት ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ዝንጣፊዎች ቁረጡ። አንድ ላይ ከላይ ይዛችሁ በሌላው እጅ ጣቶች መሃል ወደታች ደጋግማችሁ አሳልፏቸው። እንደ ሰው እግር ይከፈታሉ። ለየቡድኑ ስጧቸውና ዞር ዞር እያላችሁ እዩ።

ወረቀቷንም አትጣሏት፣ በመጨረሻ መልሷት። በፎይል ቁርጥራጭ ካደረጋችሁት ይበልጣል። ብጣሹ ማስመሪያው ላይ ዘሎ ይለጠፍና ወዲያው ተስፈንጥሮ ይወድቃል። ለምን? ሲነካው ያንኑ ቻርጅ ወሰደ፣ ተገፋ። መልሱን እናንተ አትንገሯቸው፣ ስትሮውን ያዩ ልጆች ራሳቸው ይደርሱበታል።

አንዴ አንዷ ልጅ ጥሩ ጥያቄ አመጣች። ሹራብ ሲወልቅ ብልጭ የሚለው ስንት ቮልት ነው? በደረቅ አየር አንድ ሚሊ ሜትር ለምትዘል ብልጭታ ሦስት ሺህ ቮልት ገደማ ያስፈልጋል አልኳት። «ሶኬቱ 220 ነው፣ ታዲያ ሹራቡ ለምን አይገድለንም?» ቮልቱ ብዙ ነው፣ ቻርጁ ግን ኢምንት። ከፎቅ ጠብ ያለች አንዲት የውሃ ጠብታ ራስ ላይ ብታርፍ አትጎዳም። ሶኬቱ ግን የማይቋረጥ ወንዝ ነው። ይህን ሳትነግሯቸው ደወሉ እንዳይደወልባችሁ። ቤት ሄዶ ሽቦ ሶኬት ውስጥ ሊከት የሚያስብ አንድ ልጅ አይጠፋም።